ዶክተር ሮሆቦትና የተረፈችው ሲሚንቶ

"በቃ፣ አለቀ" ማለት የማይሆንለት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለሌላው ከተማ ልብስ ሰፊ ወይ ቀለም ቀቢ ይደርሰዋል። ለእኛ ለሐዋሳዎች የደረሱን ክብርት ዶክተር ሮሆቦት ናቸው፤ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ክሊኒክ ያላቸው የጥርስ ሐኪም። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ግን አፌን ከፍቼ ከተጋደምኩ ወዲያ አንቱ ከማለት በቀር ምን አቅም አለኝ?

የጥርስ ሥር ሲያክሙ እጃቸው ፈጣን ነው፣ አልዋሽም። ጉዱ የሚጀምረው ሥሩ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ፣ ጥርሱ ላይ የተረፈውን የሥር መሙያ ሲሚንቶ ሲጠርጉ ነው። በጥጥ ይጠርጋሉ፣ ያጥባሉ፣ በመስታወት ያያሉ። "ትንሽ ቀርታለች!" እንደገና! የእኔን ቤት የሠራው ግንበኛ ሴራሚኩ ላይ ያንጠባጠበው ሲሚንቶ ይኸው ስንት ዓመት አብሮን ይኖራል፤ ማንም አልሞተም። ይህንኑ ብነግራቸው፣ "ጋሽ በርናባስ፣ ሴራሚክ አይጠቁርም፤ ይህቺ ካደረች ግን ጥርስዎን ታጠቁረዋለች" አሉኝ። ጨርቅ ነጋዴው አብዱልሃሚድ "መጣሁ" ብሎ ሱቁን ለጎረቤት ትቶ ወጥቶ፣ ሚስቱ ፍለጋ ዞራ ያገኘችው እዚያው የዶክተር ወንበር ላይ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ ግን የቀልድ ቀን አልነበረም። የወንድሜ ልጅ ያቤጽ የሚወዳትን ልጅ ለመጠየቅ ከመሀል ከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው ቱላ ሽማግሌ ልንሄድ ነው፤ ተናጋሪው ደግሞ እኔ። የልጅቷ አባት አቶ ሞገስ አርፍዶ የመጣን ሽማግሌ ከበር የሚመልሱ ሰው ናቸው፤ ከእኛ በፊት የሄዱትን መልሰዋል። "ጠዋት የፊት ጥርሴን አስጨርሼ እደርሳለሁ" አልኩ፣ እኔ ሞኙ።

"ትንሽ ቀርታለች።" ኪሴ ውስጥ ስልኩ ይጮኻል፤ ያቤጽ ነው። "ትንሽዬ!" ስልኩ ደግሞ ይጮኻል። በመጨረሻ እጃቸውን ያዝኩና፣ "ዶክተር፣ በእግዚአብሔር! ሽማግሌ ሆኜ ልጅ ልጠይቅ ነው፤ እየረፈደብኝ ነው!" አልኩ።

ደነገጡ። "በዚህ ጥርስ?!" ብለው መብራቱን አስጠጉና እንደ አዲስ ጀመሩ።

ሲያበቁ ግን ጋውናቸውን እንኳ ሳያወልቁ በራሳቸው መኪና ይዘውኝ በረሩ። ቱላ ስንደርስ የቀሩት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው ውጭ ቆመዋል፤ አቶ ሞገስ በሩን ይዘው "ሌላ ቀን ተመለሱ" እያሉ ነው። አለቀ፣ ያቤጽን ጉድ ሠራሁት አልኩ በልቤ።

ዶክተር ከመኪናው ወርደው፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥርሳቸውን እየሠራሁ እኔ ነኝ ያስረፈድኳቸው" አሉ።

አቶ ሞገስ ትኩር ብለው አዩዋቸው። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ራሳቸው ጉንጭ ሄደ፤ ለካ እሳቸውም ያን ወንበር ያውቁታል።

"ዶክተር ሮሆቦት!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ከእሳቸው እጅ ወጥተው ነው የመጡት? ታዲያማ ማልደዋል! ይግቡ፣ ግቡ!"

ልጅቷን ሰጡን። ዛሬ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ጥርሴን አየሁት፤ ከጎረቤቶቹ አይለይም። እኚህን ሴት እወዳቸዋለሁ፣ ምን አስደበቀኝ! አንድ የአዲስ አበባ ክሊኒክ ሊወስዳቸው ይመላለሳል አሉ። አቶ ሞገስ ልጃቸውን ሰጥተዋል፤ እኛ ግን ሺህ ሽማግሌ ቢላክብን ዶክተራችንን አንሰጥም።