ባዶ መሬት ሲያይ የማያስችለው ሰው

እናንተ ልጆች የሐይቁን ዳር መሬት ነገር ንገሪን ስላላችሁኝ ነው የማወራው። ባዶ መሬት ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? ጎረቤታችን በለጠ እንዲያ ነው። እዚህ አሜሪካ ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ተነስተን ኤሪ ሐይቅ በሄድን ቁጥር እኛ ውሃውን ስናይ እሱ ዳሩን በእርምጃ ይለካል። «እትዬ፣ እዚህ ቤት ብሠራ የተበተኑት ልጆቼ ይሰበሰቡልኛል» ሲለኝ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ኋላ መሬቱን ካውንቲ የሚሉት የዚያ አካባቢ አስተዳደር ለወፎች መጠበቂያ ሊገዛው ነው ተባለ። በለጠ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለጋብቻ እንደሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ላከ። ሴት ሽማግሌ ታይቶ ይታወቃል? ግን አሜሪካ ነውና እኔም ተላክሁ። ከሁለት አዛውንቶች ጋር ነጠላችንን አጣፍተን ካውንቲው ስለ መሬቱ በጠራው ስብሰባ ላይ ቆምን። ወንበር ቢያቀርቡልን «መሬቱን ለበለጠ ካልተዋችሁለት አንቀመጥም» አልን።

አስተርጓሚያችን የልጅ ልጄ ሄለን ነበረች። «በደንብ ንገሪልን» ብላት «ኦኬ፣ እማማ» አለችና ተናገረች። ሰዉ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበልን፤ አንዷ ሹም እንባዋን ጠረገች። እኛም ተሳካ ብለን ተቀመጥን።

መሬቱ ግን ለወፎቹ ተገዛ። በለጠ አንድ ክረምት ሙሉ አኮረፈ። አሁን ዳሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የተበተኑት ልጆቹ በየበጋው እዚያ ይመጡለታል፤ ምንጣፍ ያነጥፉና አብረው ይውላሉ።

ሄለን እውነቱን በሠርጓ ሰሞን ነው የነገረችኝ። ያን ቀን የተረጎመችው «መሬቱ ለወፎቹ ካልተገዛ አንቀመጥም ይላሉ» ብላ ነበር።