ማኅተም የሌለው ዓሣ

የሰው ልጅ ከዓሣ ጋር በኖረበት ዘመን ሁሉ ዓሣን በሚገባው ክብር የያዘ ድርጅት ቢኖር የእኛ ሆቴል ነው። ሌላው ሰው ዓሣ ሲያገኝ ይበላል። እኛ ግን ዓሣው ከመበላቱ በፊት አገር አይቶ፣ ማዕረግ አግኝቶ እንዲመጣ እናደርጋለን። ይህን የምለው እንደ መንገደኛ ከሩቅ አይቼ አይደለም። በሆቴሉ የግዥ ክፍል ጸሐፊና በየጊዜው የሚቋቋሙት ኮሚቴዎች ሁሉ ቃለ ጉባዔ ያዥ ሆኜ ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁና ያየሁትን ብናገር ሐሜት አይሆንብኝም።

ሆቴላችን በባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ማዕበሉ ሲበረታ የመዋኛ ገንዳው ጨው ጨው እስኪል ድረስ ለባሕሩ ቅርብ ነው። ስድስት ምግብ ቤቶች አሉን። አምስቱ ምግብ የሚበላባቸው ሲሆኑ ስድስተኛው «የማዕበል ማዕድ» ይባላል። በማዕበል ማዕድ መብላት ባይከለከልም ዋናው ዓላማ እሱ አይደለም። እንግዳው እንደተቀመጠ መጀመሪያ የውኃ አማካሪው ይመጣና ከዘጠኙ የውኃ ዓይነቶች የትኛው ለጠባዩ እንደሚስማማ ይመክረዋል። ቀጥሎ አስተናጋጁ የምግቡን የሕይወት ታሪክ ቆሞ ያነባል። ከዚያ የመኪና መሪ የሚያህል ሳህን ይመጣል፤ መሐሉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ዓሣ፣ ከጎኗ ሦስት ጠብታ አረንጓዴ ነገር አለ። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ «ምግቡ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ። ለካ በልቶ ጨርሷል።

ዓሣው ከሩቁ ቀዝቃዛ ባሕር በአውሮፕላን ተጭኖ የሚመጣ ነው። በየካርቶኑ ላይ ክብ ማኅተም አለው። ማኅተሙን የማየው እኔ ነኝ፤ ዓሣውን የሚያየው ባለ ረጅም ቆቡ ሼፍ ነው። አንድ ዓሣ ለስድሳ ሰው ስለሚበቃ ብዙ አናዝም።

አሁን ወደ አማቴ፣ ወደ ሚስቴ አባት ልምጣ። ከማዕበል ማዕድ መስኮት ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብላ አሸዋው ላይ የምትቆም አንዲት ጀልባ አለች፤ የአማቴ ናት። አማቴ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሆቴሉ ሳይሠራ፣ ሥራ አስኪያጁም ሳይወለዱ በፊት እዚያው ነበሩ። ማለዳ ይወጣሉ፣ ረፋድ ላይ ይመለሳሉ። የእሳቸውን ዓሣ ግን አንገዛም። የግዥ መመሪያችን አንቀጽ ዐሥራ አራት «ከባሕር የተገኘ ማናቸውም ምግብ ምንጩ በማኅተም የተረጋገጠ መሆን አለበት» ይላል። የአማቴን ዓሣ ምንጭ ለማረጋገጥ መስኮት መክፈት ይበቃል፤ ችግሩ መስኮት ማኅተም የለውም።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ሥራ አስኪያጃችን በንግግራቸው መሐል «ይመዝገብ!» ማለት ስለሚወዱ ሠራተኛው በሌሉበት ጋሽ ይመዝገብ ይላቸዋል። ደብዳቤው እንዲህ ይል ነበር፦ «በሆቴሉ ፊት ለፊት የምትቆመው ጀልባ የባሕሩን ተፈጥሯዊ ገጽታ ስለምታውክ እስከ ወሩ መጨረሻ ከዳርቻው እንድትነሣ በጥብቅ እናሳስባለን።» ባሕር ላይ ጀልባ መታየቱ ምን ያህል ከተፈጥሮ ውጭ እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ አላስተዋልኩም ነበር።

ቤት ስገባ ሚስቴ ደብዳቤውን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ማነው የጻፈው?»

«ሥራ አስኪያጁ ናቸው።»

«በማን እጅ?»

«ታይፕ ያደረግኩትማ እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ ግን የእሳቸው ነው።»

«ጥሩ። አባዬ ከዚያ ዳርቻ የተነሣ ቀን አንተም ከዚህ ቤት ትነሣለህ። ደብዳቤ ካስፈለገህ ራስህ ታይፕ አድርገው።»

ሚስቴ ቃሏን የማታጥፍ ሰው ናት። እንቅልፍ አጣሁ።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ስለ ምግብ ቤቶች መጽሔት ላይ የምትጽፍ አንዲት ሴትዮ ለምሳ መጣች። ሆቴሉ በሙሉ ጥርሱን ፋቀ። ሼፉ ለእሷ ብሎ ከዓሣው ጉሮሮ ሥር ያለችውን ለስላሳ ሥጋ አዘጋጀ። አስተናጋጁ ቆሞ አነበበ፦ «ይህ ዓሣ በሩቁ ቀዝቃዛ ባሕር፣ ከሰው እጅ ርቆ፣ በዝምታ ያደገ ነው።» ሴትዮዋ ጎረሰች። ቀጭ! አለ። አፏን በመሐረብ ሸፍና ቀስ ብላ አንድ መንጠቆ አወጣች።

አስተናጋጁ የሠለጠነ ልጅ ነው፤ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «ይህም የታሪኩ አንድ ክፍል ነው፣ እመቤቴ» አላት።

መንጠቆው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለኮሚቴ ቀረበ። እኔ እንዳየሁት አወቅሁት። አማቴ መንጠቆ ከሱቅ አይገዙም፤ ከአሮጌ ብስክሌት የጎማ ሽቦ ራሳቸው ያጎብጡና በሦስት ሴቶች ልጆቻቸው ልክ ሦስት ጭረት ያደርጉበታል። ሦስተኛዋ ጭረት ሚስቴ ናት።

«ይቅርታ፣ ይሄ የአማቴ መንጠቆ ነው» አልኩ። ይሄ አፌ መቼ አርፎልኝ ያውቃል!

የመንጠቆ ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ ከክብ ጠረጴዛው ዙሪያ ወደ እኔ ዞረ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ ሲሆኑ፣ ሼፉና የእንግዶች ስሜት ኃላፊዋ አባል ናቸው። ኃላፊዋ ሥራዋ እንግዳው ምን እንደተሰማው ለእንግዳው መንገር ነው።

«ዓሣው ማኅተም አለው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«አለው» አለ ሼፉ።

«ስለዚህ የሩቁ ባሕር ዓሣ ነው። መንጠቆውስ?»

«የሽማግሌው ለመሆኑ ምስክር አለ» አለች ኃላፊዋ ወደ እኔ እያየች።

«ስለዚህ?»

ሦስቱም አሰቡ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ከሥሩ ያገኘው ግን ሼፉ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ስለዚህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሽማግሌው በድብቅ ሩቁ ባሕር ድረስ እየሄዱ ያጠምዳሉ ማለት ነው።»

«ይመዝገብ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

መዘገብኩ። የአማቴ ጀልባ ሞተር የላትም። ከሁለቱ መቅዘፊያዎቿም አንደኛው የመጥረጊያ እንጨት ነው።

አማቴ ተጠሩ። ሱሪያቸው እርጥብ ስለነበር ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ተነጠፈላቸው።

«አባት፣ ሩቁ ቀዝቃዛ ባሕር ሄደው ያውቃሉ?»

«ምን ልሠራ?»

«ዓሣ ሊያጠምዱ።»

«እዚህ ዓሣ እያለ?»

«ይመዝገብ፤ ጥያቄውን በጥያቄ መልሰዋል። ይህን ነገርስ ያውቁታል?»

አማቴ መንጠቆውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ውይ! ይችን የት አገኛችኋት? ያ ትልቁ ዓሣ ውጧት ነበር እኮ! ማውጣት ቢያቅተኝ ከነመንጠቆው ለነጋዴው ሰጠሁት።»

«የቱ ነጋዴ?»

«በረዶ የጫነ መኪና ይዞ በየጊዜው የሚመጣው ነዋ። ወደብ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ውጭ ይሄድና ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይሸጣል አሉ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሚበላው እንጃ።»

ሼፉ ቆቡን አወለቀ። እኔ በወረቀቴ ጠርዝ ላይ የመንገዱን ቀኖች ደምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ከአማቴ ጀልባ እስከ እኛ ወጥ ቤት ዐሥራ ሁለት ቀን። በእግር ሦስት ደቂቃ ነው።

አማቴ ቀስ በቀስ ገባቸው። አንድ በአንድ አዩን። «እናንተ ናችሁ እንዴ የምትበሉት? የዐሥራ ሁለት ቀን ዓሣ? ምነው ልጆቼ፣ ሆዳችሁን አያማችሁም?»

ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን አባባል ለማረም ጥሩ አጋጣሚ ነበር። እሳቸው ግን ለመመሪያ የቆሙ ሰው ናቸውና ጉዳዩ በምስጢር እንዲያዝ፣ ምስጢር አዋቂዋ ጀልባም እስከ ወሩ መጨረሻ ሳይጠበቅ በሦስት ቀን ውስጥ እንድትነሣ ወሰኑ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ሻንጣዬ ከአልጋ ሥር ወጥቶ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

በሁለተኛው ቀን መጽሔቱ ወጣ። ሴትዮዋ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «በሌሎች ምግብ ቤቶች ዓሣው ይቀርባል፤ በማዕበል ማዕድ ግን ዓሣው ከተጠመደበት ቅጽበት ጋር ይቀርባል። በጥርሴ የነካሁት እውነትን ነው።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ ማረፍ አቃተው። ሁሉም መንጠቆ ያለበትን ይፈልጋል። አልሸሹም ዞር አሉ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚቴው በዚያው አባላት፣ በዚያው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ የመንጠቆ ማስተዋወቂያ ኮሚቴ ሆነ። ከእንግዲህ በየሳህኑ አንድ መንጠቆ እንዲቀመጥ ተወሰነ። የአማቴ መንጠቆ ማኅተም ስለሌለው ከውጭ አገር ታዘዘ። ጀልባዋም እንድትነሣ ሳይሆን ከቶ እንዳትነሣ ተባለ፤ ሥሯ በሲሚንቶ ተገነባ፣ ጎኗ ሰማያዊ ተቀባ። አማቴ ነጭ ሱሪ፣ ባለ መስመር ካናቴራና የገለባ ባርኔጣ ተሰጣቸውና ከጠዋት እስከ ማታ ጀልባዋ ላይ እንዲቀመጡ በደመወዝ ተቀጠሩ። አንድ ነገር ብቻ ተከለከሉ፤ ባሕር መግባት። ልብሱ ይርሳል፣ ደግሞም ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ።

የንብረት ክፍል ሠራተኛው መጥቶ ጀልባዋ ላይ የቋሚ ንብረት ቁጥር ለጠፈ፦ አራት መቶ ዐሥራ ሰባት። ሰውየው ጥንቁቅ ነው፤ አማቴ ስላልተነቃነቁለት ባርኔጣቸው ላይ አራት መቶ ዐሥራ ስምንትን ለጠፈ።

ሚስቴ ሻንጣዬን ወደ ቦታው መለሰችው። ግን ደስ አላላትም። እኔም ደስ አላለኝም። አማቴ እኛ ቤት ራት ሲቀርብላቸው እጃቸውን ታጥበው ሳይጎርሱ ይቀመጡ ጀመር። አንድ ቀን መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ «ለሰለሰ» አሉ። ሚስቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

አማቴ ሥራ ባቆሙ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የማዕበል ማዕድ ዓሣ አለቀበት። ካርቶን አልመጣም። ብንጠይቅ ከውጭ ደብዳቤ ደረሰን፦ «ከሩቁ ቀዝቃዛ ባሕር ይመጣ የነበረው ዓሣ ባልታወቀ ምክንያት ተቋርጧል። ከአድራሻችሁ እንደተረዳነው ድርጅታችሁ በባሕር ዳርቻ ላይ ስለሚገኝ፣ ምናልባት በአካባቢያችሁ ዓሣ አጥማጅ ካለ ብትጠይቁ።»

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ውጭ እንግዶች ባዶ ሳህን ላይ መንጠቆ ይዘው ተቀምጠዋል።

«በአካባቢያችን ዓሣ አጥማጅ አለ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ሁላችንም በመስኮት አየን። አማቴ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል።

«እሳቸውማ ጌጥ ናቸው» አለች የእንግዶች ስሜት ኃላፊዋ።

«ኧረ ዓሣ አጥማጅ ናቸው!» አልኩ።

«ነበሩ» አሉ ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት። «አሁን በመዝገብ ቋሚ ንብረት ናቸው። ቋሚ ንብረት ዓሣ እንዲያጠምድ የሚፈቅድ አንቀጽ አለን?»

«የለንም።»

«ይመዝገብ። ዓሣ አጥማጅ በጨረታ ይፈለግ።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ደግሞ ወረቀቱን የምይዘው ሰው ነኝ። የጨረታው ማስታወቂያ የራሱ ጀልባ ያለው፣ በሥራው ረጅም ልምድ ያካበተ፣ በተለይም ከሆቴሉ ፊት ለፊት የሚኖር ሰው ይፈልጋል። ጽፌ ጨረስኩና ቤቴ ሄጄ ለሚስቴ አነበብኩላት። እሷ ለአባቷ አነበበችላቸው።

አማቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡና «መዶሻ አላችሁ?» አሉ።

ሚስቴ እኔን አየችኝ። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ይዤ በጣቴ ወደ ጓዳ አመለከትኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሚቴው በሙሉ ወደ ዳርቻው ወረደ። የተፈረካከሰ ሲሚንቶ ብቻ ነበር የቀረው። ከላዩ ላይ ነጩ ሱሪና ካናቴራው በሥርዓት ታጥፈው፣ ባርኔጣው ከነቁጥሩ ተቀምጧል። አማቴ ብዙም ሳይርቁ ባሕሩ ላይ ናቸው፤ በአሮጌ ሱሪያቸው ገመድ እየሳቡ ያፏጫሉ።

ሥራ አስኪያጁ ከነጫማቸው እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ።

«አባት! ዓሣ አለ?»

«ሞልቷል!»

«ለእኛ ይሽጡልን!»

አማቴ አንድ ትልቅ ዓሣ ከጀልባዋ አነሡ። አንዱን ጎኑን አዩ፣ ገልብጠው ሌላውን ጎን አዩ፣ ጅራቱን ሳይቀር መረመሩ። «አይሆንም፣ ልጄ! ማኅተም የለውም!»

«ግድ የለም፣ አባት!»

«ደግሞ የዛሬ ነው! አልለመዳችሁትም፣ ሆዳችሁን ያማችኋል!»

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ። አፋቸው ተከፈተ፤ ይመዝገብ ግን አላሉም። እኔ ልማድ ሆኖብኝ መዘገብኩ፦ «ቋሚ ንብረት ቁጥር አራት መቶ ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ ስምንት ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል።» ከሥሩ ፈርሜ ምሳዬን ልበላ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሳህናችን ትንሽ ናት፤ የዓሣው ራስ በአንድ ወገን፣ ጅራቱ በሌላ ወገን ወጥቶ ነበር።