ሲብረን ተራራ ወጣ

[ቴርስሄሊንግ ደሴት፣ ሰሜን ባሕር ዳር፣ ጠዋት። ከድንኳናቸው ፊት ለፊት የአሸዋ ጉብታ ተቆልሏል። ሲብረን የበረዶ ጫማ ተጫምቶ፣ የበረዶ መነጽር አድርጎ፣ ገመድ ተሸክሟል። ጎረቤቱ ዎቤ በነጠላ ጫማና በቁምጣ ነው።]

ሲብረን፦ ተራራ ነው አልኩህ!

ዎቤ፦ አሸዋ ነው እንጂ።

ሲብረን፦ አሸዋ የሚባለው ሲተኛ ነው። ሲቆም ተራራ ነው!

ዎቤ፦ ታዲያ ስንወጣበት ቁጭ ቢልስ?

ሲብረን፦ አትቀልድ! ዛሬ ማታ የእግር ጉዞ ማኅበራችን ወደ ኦስትሪያ ተራሮች የሚመራንን ሰው ይመርጣል። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ነገር ነው! ምስክሬ አንተ ነህ። በል ይኼን ገመድ ወገብህ ላይ እሰር።

ዎቤ፦ [እያሰረ] ከወደቅሁ ትይዘኛለህ ማለት ነው?

ሲብረን፦ እንዴታ!

ዎቤ፦ አንተ ከወደቅህስ?

ሲብረን፦ መሪ አይወድቅም።

[ይወድቃል። ዎቤንም በገመዱ እየጎተተ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ይንሸራተታል።]

ሲብረን፦ ይኼ... ይኼ ከፍታ መላመድ ይባላል። ሳንባ ያለማምዳል።

ዎቤ፦ [እየተፋ] አፌ ግን አሸዋውን ገና አልለመደውም።

[እንደገና ይጀምራሉ። በእጅም በእግርም እየዳኹ ግማሽ ላይ ይደርሳሉ።]

ሲብረን፦ [እያለከለከ] ቁም! አየሩ ሳስቷል።

ዎቤ፦ ለማን?

ሲብረን፦ ለማን ማለት?

ዎቤ፦ ለእኔ ነው ለአንተ የሳሳው? እኔ እናቴ ብቻ ነበረች የምትሳሳልኝ።

ሲብረን፦ ቀጥኗል ማለቴ ነው፣ አንተ ደንቆሮ! ከፍታው ያዞራል።

ዎቤ፦ ወዴት? ወደ ድንኳኑ ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ዳቦና አይቡን ረስተናል።

ሲብረን፦ ራስ ያዞራል! ደግሞ ወደ ኋላ እንዳታይ፣ ገደሉ ያስፈራል!

ዎቤ፦ [ወደ ኋላ እያየ] ያሰጣኸው ካልሲ ደርቋል።

ሲብረን፦ ወይኔ! ከንፈርህ ጠቁሯል! አየር አጥሮህ ነው!

ዎቤ፦ የምመጠው ጨዋማ ጥቁር ከረሜላ ነው። አንድ ልስጥህ?

ሲብረን፦ [ተቀብሎ እየመጠጠ] ለመድኃኒት ያህል።

[ጫፉ ላይ። ሲብረን በሆዱ እየተሳበ ይደርሳል። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ እንባውም መጥቷል።]

ሲብረን፦ ደረስን! ዎቤ፣ የሰው እግር ያልረገጠው...

ሂልትየ፦ እግርህን ሰብስብልኝ ልጄ፣ ጋሪው አላልፍ አለ።

[የማኅበሩ ሊቀ መንበር አሮጊቷ ወይዘሮ ሂልትየ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን በጋሪ ይገፋሉ። ከኋላቸው በጡብ የተነጠፈ መንገድ፣ አግዳሚ ወንበርና አይስክሬም የሚልሱት ማኅበርተኞች በሙሉ አሉ።]

ሲብረን፦ በ... በየት ወጣችሁ?

ሂልትየ፦ በመንገዱ ነዋ! ጎሽ ዎቤ! ብትዘገይም አመጣኸው።

ሲብረን፦ አመጣኸው? ማን ማንን?

ዎቤ፦ አትቆጣ ወንድሜ። አንተ ገመድ ስትጠቀልል፣ ለማታ የተባለው ምርጫ ቁርስ ላይ አለቀ። እኔን መረጡኝ።

ሲብረን፦ አንተን? አሸዋና ተራራ የማትለየውን?

ዎቤ፦ እኔም ገርሞኛል። «ኧረ እኔ አልችልም» ብላቸው፣ «ሲብረንን ያቺን ጉብታ ካወጣህ፣ ማንንም የትም ታወጣለህ» አሉኝ።