ከዓይን የተጠበቀው ማይክሮስኮፕ

አክስቴ ሙያ ሳይታይ አይገባበትም ባይ ናት። ስለዚህ የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ይሆነኝ እንደሆነ ልወስን፣ የኮሌጁ ምዝገባ እስኪዘጋ አንድ ወር ሙሉ በአንድ ጤና ተቋም ላቦራቶሪ ተቀመጥኩ። እዚያ ያየሁትን ታላቅ ሥራ ሳልመሰክር ብቀር ግን ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

ተቋሙ አዲስ ማይክሮስኮፕ አለው። ሪባን ተቆርጦለታል፣ ተጨብጭቦለታል። ዳይሬክተሩ በምረቃው ዕለት "ይህ ዘመን ያፈራው መሣሪያ የተቋማችን ዓይን ነው፤ ዓይን ደግሞ ይጠበቃል!" ብለው ንግግር አደረጉ፤ በማግስቱም መመሪያ አወጡ። በመመሪያው መሠረት መሣሪያው በአገልግሎት ብዛት እንዳይጎዳ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ታሸገ። ቁልፉ ሁሉም ጋሽ እሽጉ በሚሏቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ እጅ ነው። እሳቸውም የሚከፍቱት በዳይሬክተሩ ፊርማ ብቻ ነው፤ ያውም ፋይል ውስጥ ካለው ፊርማ ጋር ከተመሳከረ። ዳይሬክተሩ ደግሞ እስካሁን ለማንም ፈርመው አያውቁም። በዚህ ጥበብ የተሞላ አሠራር በዓመቱ አንድም ብልሽት ባለመመዝገቡ ተቋሙ በንብረት አያያዝ ዋንጫ ተሸለመ። ዋንጫውም እዚያው ማይክሮስኮፑ ጎን ተቆለፈበት።

ሥራውን የምታሳየኝ ሃያ ዓመት በሙያው የቆየች ቴክኒሺያን ነበረች፤ እትዬ እላታለሁ። ከታካሚው ጣት ደም ትወስዳለች፣ ስላይድ ላይ ትቀባለች፣ ቀለም ትጨምርበታለች፣ ታደርቃለች፣ ቁጥር ትጽፍበታለች፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ትደረድረዋለች።

"ከዚያስ እትዬ?"

"ከዚያማ ታካሚው መንገድ ተሻግሮ እዚያች ትንሽ ክሊኒክ እንደገና ይወጋል።"

"እኛ ታዲያ ምን ሠራንለት?"

"አለማመድነዋ!"

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ዳይሬክተሩ ራሳቸው በትኩሳት እየተንዘፈዘፉ ገቡ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

"ወባ ሳይሆን አይቀርም። ቶሎ እዩልኝ፣ መሞቴ ነው!"

እትዬ ደማቸውን ወስዳ ስላይዱን በደቂቃዎች አዘጋጀች። እኔ፣ ምን ይዋሻል፣ ደስ አለኝ። ይህ ሙያ ምን እንደሚያይ በመጨረሻ ልመለከት ነው። ጋሽ እሽጉ ተጠርተው መጡና ቅጹን ዘረጉ። ዳይሬክተሩ ፈረሙ፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እስክሪብቶው ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጨረሰ።

ጋሽ እሽጉ ፋይላቸውን አወጡ። መነጽራቸውን ወለወሉ። ቅጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ከደረት ኪሳቸው ማጉያ መነጽር አውጥተው ሁለቱን ፊርማዎች ጎን ለጎን ጭረት በጭረት መረመሩ።

"አይመሳሰልም" አሉ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ! ይኸው ፊትዎ ቆሜ!"

"እርስዎ መሆንዎን መቼ ካድኩ? መመሪያው ግን ስለ ፊርማው እንጂ ስለ መልክዎ አይልም። የጻፉትም እርስዎ ነዎት።"

"ታምሜ እጄ ተንቀጥቅጦ ነው!"

"ለመታመምዎ የላቦራቶሪ ማስረጃ ካቀረቡ እቀበላለሁ።"

"ማስረጃው የሚገኘው ማይክሮስኮፑ ሲከፈት ነዋ!"

"እሱማ በፊርማ ነው" አሉ ጋሽ እሽጉ፣ ቁልፋቸውን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።

ዳይሬክተሩን ግራና ቀኝ ደግፈን መንገዱን አሻገርናቸው። ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋ የያዙት የእኛው ታካሚዎች ጠጋ ጠጋ ብለው አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጧቸው። በአንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ወባቸው በሃያ ደቂቃ ተገኘ። ሲሻላቸው የመጀመሪያ ሥራቸው መመሪያውን በጀግንነት ላስከበሩት ጋሽ እሽጉ የምስጋና ደብዳቤ መፈረም ሆነ። ይኼኛው ፊርማ ተመሳሰለ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን አክስቴ ጠየቀችኝ።

"እህስ፣ ወሰንሽ?"

"ወሰንኩ።"

"ላቦራቶሪ?"

"ንብረት ክፍል።"

"ምን ነካሽ ልጄ? ወር ሙሉ ላቦራቶሪ ተቀምጠሽ?"

"ለዚያ ነው እኮ፣ አክስቴ። ወር ሙሉ እዚያ ቤት የቀረበለትን አጉልቶ መርምሮ፣ እዚያው በዚያው ውጤት ሲናገር ያየሁት ሰው ጋሽ እሽጉ ብቻ ናቸው።"