የሮላንድ ፕሪቢል የቢራ ማማ

በዚህ ዓለም ላይ ጎረቤት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዕቃ ሲሰበርበት ሱቅ ይሄዳል፤ ሌላው "ምን ሱቅ ያስኬዳል፣ ራሴ እሠራዋለሁ" ይላል። የመጀመሪያው ማንንም አያውክም። ሁለተኛው በየሰፈሩ አንድ አንድ ታድሏል፤ ሁለት የደረሰው ሰፈር ካለ እስካሁን ተቃጥሎ አልቋል ማለት ነው።

ለእኛ ሰፈር የደረሱን ክቡር ሊቀ በያጅ ሮላንድ ፕሪቢል ናቸው። እዚህ ሸቦይገን ከተማ፣ ከሐይቁ ሦስት መንገድ ገባ ብሎ፣ የእሳቸው ጋራዥና የእኔ መኝታ ቤት ፊት ለፊት ተፋጠው ይኖራሉ። በመሃላቸው ስምንት እርምጃ አለ። ስምንት መሆኑን የማውቀው በበረዶም ያለ በረዶም ስለለካሁት ነው። አንቱታው ግን እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መሰላሌን ወስዶ ያልመለሰ ሰው አንቱ አይባልም።

እኔ ፈሪ ነኝ። ፍርሃቴ የሙያ ነው። ሠላሳ ዓመት በአንድ የመድን ድርጅት ጉዳት ገማች ነበርኩ፤ ሥራዬም እሳት የበላው ቤት ገብቶ ከየት እንደጀመረ መፈለግ ነበር። ከየት እንደሚጀምር ልንገራችሁ? ከጋራዥ ነው። ባለቤቱ ሁልጊዜ አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ቅንድቡ ተለብልቦ፣ "ምንም አይሆንም ብዬ ነበር እኮ" ይለኛል። እኔም ሮላንድን ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ የማየው ቅንድቡን ነው።

የሮላንድ መሐላ አንዲት ቃል ናት፤ "ይይዛል።" የሠራውን ነገር በመዳፉ ሁለት ጊዜ ጠፍ ጠፍ ያደርግና "ይይዛል" ይላል። ከዚያ በኋላ ዕቃው ወይ እስከ ዕለተ ምጽአት ይቆማል ወይ በማግስቱ ይፈርሳል፤ መሃል የለውም። የፖስታ ሳጥኑን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሦስት ጊዜ ገጭቶ ቢጥልበት፣ ከወፍራም ቧንቧ በይዶ በኮንክሪት ተከለው። በአራተኛው ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም፤ የተገነጠለው የመኪናው ምላጭ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ሲቆጡት "እኔ ምን ላድርግ፣ ያዘ እኮ" አላቸው። በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድባት የሠራት የቆርቆሮ ጎጆም ነበረች፤ ምድጃዋ ከመጋሏ የተነሣ ከሥሯ ያለውን በረዶ አቅልጣ ልትሰምጥ ስትል ነው በገመድ ጎትተን ያወጣናት። እሱ ውስጧ ሆኖ ይስቅ ነበር። ለሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት ገመድ ይዤ ዳር የቆምኩት እኔ ነኝ።

ይህ ሰው ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ ሲወጣ ታዲያ ቢራ መጥመቅ ጀመረ። መጀመሪያ በወጥ ቤት ምድጃ ላይ በትልቅ ድስት ነበር። አንድ ቀን የብቅሉ ጭማቂ ገንፍሎ ምድጃውን፣ ወለሉንና የባለቤቱን የማርሌንን አዲስ ምንጣፍ አለበሰ። ማርሌን በጣቷ ወደ ጋራዡ አመለከተች። አርባ ዓመት በትዳር የቆየ ሰው ብዙ አያወራም።

ጋራዥ ውስጥ ለመጥመቅ የጋዝ ማንደጃና የበርሜል መቆሚያ ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው የተሠራ ይገዛል። ሮላንድ ግን በፒዛ ካርቶን ጀርባ ላይ ንድፍ አወጣ። ሦስት እርከን ነው፤ ከላይ ውኃው የሚፈላበት በርሜል፣ መሃል ላይ ብቅሉ የሚዘፈዘፍበት፣ ከታች ጭማቂው ከጌሾው ጋር የሚንተከተክበት። እያንዳንዱ በርሜል ሃምሳ ሊትር ይይዛል። ውኃው በገዛ ክብደቱ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ፓምፕ አያሻውም። ካርቶኑን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ የስበት ሕግ በነፃ ሊያገለግለው መሆኑን አበሰረኝ። እኔ የታየኝ ሌላ ነው፤ ሃምሳ ሊትር የፈላ ውኃ ከሰው አናት በላይ፣ ከሥሩ እሳት፣ ከእሳቱ ጎን የጋዝ ሲሊንደር፣ ከሲሊንደሩ ጎን ደግሞ ሮላንድ። የስበት ሕግን እኔም አውቀዋለሁ።

አዲስ ብረት መግዛት የሰነፍ ሥራ ነው ብሎ ግማሹን ከአሮጌ የአልጋ ብረት፣ ግማሹን ከተጣለ የአጥር ቧንቧ ለቃቀመ። የአጥሩ ቧንቧ ዚንክ የተለበጠ ነው። እንዲህ ያለው ብረት ልባጡ ሳይፋቅ ከተበየደ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ያን ጭስ የሳበ ሰው እንደ ወባ ያንዘፈዝፈዋል። ሮላንድ ይህን ያውቃል። ክፋቱ መድኃኒቱንም ያውቃል፤ የድሮ በያጆች ሁሉ የሚምሉበት መድኃኒት ወተት ነው። ስለዚህ ሁለት ሊትር ወተት ግጥም አድርጎ ጠጣና፣ የመጋቢት ብርድ እንዳይገባ የጋራዡን በር ዘግቶ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር በየደ።

አመሻሹ ላይ ማርሌን ደወለች። "ኤልደን፣ እባክህ ና፤ አልጋው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ነው" አለችኝ። አራት ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ጥርሱ እየተፋጨ፣ ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቶ አገኘሁት። ስልክ ላይ ያለችው ነርስ ትንፋሹን ቁጠሩ ስላለችን ስቆጥር አመሸሁ። ስቆጥር ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ ሲጠፋብኝ ያቆመ ይመስለኝና እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። እጁን ይዤው ነበር። ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ዓይኑን ገልጦ ጥፋቱ የወተቱ ማነስ እንደሆነ አስረዳኝ።

ከዚያ ወዲያ ልባጡን ደጅ አውጥቶ መፋቅ ጀመረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል የመፍጫ ማሽኑ ጩኸት ይነሣል፣ ፍንጣሪው ወደ እኔ አጥር ይረጫል፣ እኔ መስኮቴ ጋ እቆማለሁ። ሦስት እሳት ማጥፊያ ገዛሁ። አንዱን አጥሩ ላይ ስሰቅል አየኝና "ሻምበል፣ የእሳት አደጋ ብርጌዱ ሰልፍ ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሻምበል ሆኖ ቀረ።

መቆሚያው በሚያዝያ መጨረሻ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ እሳት የሚችል ጥቁር ቀለም ከእግር እስከ ራሱ ቀብቶታል። እኔ ማማው አልኩት። በየዓመቱ በግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ የአካባቢው የቤት ጠማቂዎች አንዱ ደጃፍ ተሰብስበው አብረው የመጥመቅ ልማድ አላቸው፤ ዘንድሮ ተራው የሮላንድ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ተጠርቷል። ወንበሮቹ በማማው ዙሪያ፣ የማርሌን የቋሊማ ጠረጴዛ ደግሞ ከማማው ሥር፣ ጥላው ውስጥ እንዲሆን ተወስኗል። እኔ ይህን ስሰማ አሥራ ሁለት ሰው በዓይኔ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሦስተኛዋ ማርሌን፣ አሥራ አራተኛው እሱ።

አዲስ መቆሚያ ቢራ ከመሸከሙ በፊት በውኃ ይፈተናል፤ ይህ የጠማቂዎች ሥርዓት ነው። ዓርብ ጠዋት ሮላንድ ማማውን ወደ ጋራዡ ደጃፍ አውጥቶ ሦስቱን በርሜሎች ሞላና ጠራኝ። ምስክር ይፈልጋል። ሲሊንደሩን ሽቦው እስከፈቀደለት ድረስ አርቆ እንዲያስቀምጥ ለመንኩት፤ ቱቦ ነው እንጂ ሽቦ አይባልም ብሎ አረመኝና አራቀው። ከዚያ ለኮሰ። ሰማያዊው ነበልባል ጎርናና ድምፅ አለው። ሮላንድ ማማውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ጠፍ ጠፍ አደረገና ያቺን ቃል ተናገረ።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። የላይኛው በርሜል መንተክተክ ጀመረ፣ እንፋሎቱ ቆርቆሮ ጣሪያውን አልፎ ወጣ። ምንም አልሆነም። ትከሻዬን ዝቅ ላደርግ ስል፣ የላይኛው እርከን ከኋላ እግሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥቁሩ ቀለም ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። እንዲህ ያለ መስመር በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን ሁልጊዜ ከአደጋው በኋላ ነው። መስመሯ ሰፋች። ሮላንድ ከሥር ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ነበልባል ያስተካክላል።

"ሮላንድ ውጣ" አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ቀና እንኳ አላለም። የሽርጡን ማሰሪያ ከጀርባው ያዝኩና ባለኝ ኃይል ወደ ኋላ ጎተትኩት። ሁለታችንም ሣሩ ላይ ተዘረርን። በዚያው ቅጽበት ብረቱ ጧ አለ፣ በርሜሉ አዘነበለና ሃምሳ ሊትር የፈላ ውኃ እሱ ጎንበስ ብሎበት የነበረው ቦታ ላይ ወረደ። ማማው ተከትሎት ወደቀ። እሳቱ በውኃው ጠፋ፤ ጋዙ ግን እንደ እባብ እስስ ይላል። በአራት እግሬ ድኼ ሲሊንደሩን ዘጋሁት። እንዴት እንደዘጋሁት ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ቁርጭምጭሚቴ መለብለቡን ያወቅሁት ማርሌን ስትጮህ ነው።

ሮላንድ አልሳቀም። እንፋሎቱ ሲበርድ ተነሥቶ የተሰበረውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። በያጅ መጀመሪያ ሁሉንም መገጣጠሚያ በትንንሽ ነጥብ ያያይዛል፤ ልኩ መሆኑን አይቶ ነው ተመልሶ ሙሉውን የሚበይደው። ያቺኛዋን ሳይመለስባት ቀርቷል። የዚንኩ ጭስ አልጋ ላይ የጣለው ያን ቀን ይሆናል። ከዚያ ቀለም ቀብቷት ለራሱም ተሸፈነችበት።

"ጠረጴዛው እኮ እዚህ ነበር የሚቆመው" አለ። "ማርሌን እዚህ ጋ ነበር የምትቆመው።"

ለአሥራ ሁለቱም ሰዎች ደውሎ ጠመቃው ቀርቷል አላቸው። ማማውን ጎትቶ ሰኞ ቁራሌ የሚሰበስበው መኪና እንዲወስደው መንገድ ዳር ጣለው። የመበየጃውን ማሽን ሸራ አለበሰው።

እንግዲህ እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የጸለይኩት ጸሎት ነው የተሰማልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ዝም። እሑድ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ዝም። መስኮቴ ጋ ቆሜ የተዘጋውን የጋራዥ በር ሳይ ከአጥር ወዲያ ማርሌን ብቅ አለችና በሹክሹክታ "የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ሰው ጥሪለት'" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ ብዙ የተቃጠለ ቤት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያስደነገጠኝ የለም። ሮላንድ ፕሪቢል ቧንቧ ሠሪ አስጠራ።

ባለቤቴ ጆይስ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ በሬን ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚመጣው ወይ መሰላል ሊወስድ ወይ ሊያሾፍብኝ ነው። ጠዋት የምነሣው ያ ጩኸት ስለሚቀሰቅሰኝ ነው። ዛሬ ደግሞ ምን ሊያቃጥል ይሆን እያልኩ ነው ሱሪዬን የምለብሰው። ሰው ስለ ሌላ ሰው ይህን ያህል ከፈራ ነገሩ ፍርሃት ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ሁለት ቀን ዝምታ ፈጀብኝ። እወደዋለሁ፣ ያንን ጉደኛ። ይኸው ነው።

ሰኞ ማለዳ መኪናው ሳይመጣ ማማውን በነጠላ ጫማዬ እየጎተትኩ ወደ ጋራዡ ደጃፍ መለስኩት። የቤቱን በር አንኳኩቼ ሮላንድ ፒጃማውን ለብሶ ብቅ ሲል በእጄ የያዝኩትን ጠመኔ አሳየሁት።

"ትናንት ከሰዓት መንገድ ዳር ተንበርክኬ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ መታኋቸው" አልኩት። "ሃያ አራት ናቸው። ሃያ ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ። የቀረችህ አንዲት ናት።"

ማማውን አየ፣ እጁን አየ። "ፈራሁ እኮ ኤልደን" አለኝ።

"እኔ ስፈራ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ይለመዳል። ሂድ ልበስና ና።"

መጣ። የተጣመመውን እግር በመዶሻ አቃናነው። ለእኔም ጭምብል ሰጠኝ፤ መገጣጠሚያው እንዳይንሸራተት የላይኛውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። እሳቱ ከፊቴ አንድ ክንድ ነው የሚነሣው።

"ሻምበል፣ አትንቀጥቀጥ፤ ብየዳው ይጣመምብኛል" አለ ከጭምብሉ ሥር።

"አንተ ዝም ብለህ በይድ" አልኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ብረቱን ግን አልለቀቅኩትም።