የአያ ወልዴ እግዚኦታ

እግዚኦታው ከደመናው ጋር የሚጨምርና የሚቀንስ ሰው አይታችኋል? ጎረቤቴ አያ ወልዴ እንዲያ ነበሩ። በመኸር እሑድ ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ይቆማሉ፤ ልባቸው ግን አውድማ ላይ ካለው ገብሳቸው ጋር ነው። በጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ድምፃቸው ደብሩን ያናውጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ያጉተመትማሉ። ጃንሆይ ይሙት፣ አላጋነንኩም! እኔማ ሰማዩን ማየት ትቼ እሳቸውን ብቻ አዳምጥ ነበር።

አንድ እሑድ “እግዚኦ!” ብለው ቢጮሁ፣ ገብሴ ሊበሰብስ ነው ብዬ ቅዳሴውን አቋርጬ ወጣሁ። እየሮጥኩ አውድማዬ ስደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ስመለስ ሰዉ ተበትኗል፤ አያ ወልዴ ዓይናቸው በእንባ ቀልቶ የደብሩ ደጅ ላይ ቆመዋል።

“አያ፣ ዝናብ መጣ ብለው የጮኹ መስሎኝ እኮ!” አልኳቸው።

“ዛሬስ ለነፍሴ ነበር፤ አንተ የት ሄድክ?” አሉኝ።