ከሜዳ የማይወጣው ሄማፓላ

ክሪኬት የሚወድ ከተማ ሁሉ ከሜዳ የማይወጣ አንድ ሰው አያጣም። ጉልበቱ ሲከዳው የክለብ ጸሐፊ ይሆናል፤ ከጸሐፊነት ሲያወርዱት አሠልጣኝ ሆኖ ይመለሳል። ከኮሎምቦ በስተደቡብ ባለችው በእኛ የባሕር ዳር ከተማ ይህ ሰው ክቡር ሄማፓላ ነው። እኩያዬ ነው። አርባ ዓመት ቀንቼበታለሁ።

ተጫዋች ሳለ ዳኛው ጣቱን አንሥቶ "ወጥተሃል" ሲለው አይወጣም። ዱላውን ያገላብጣል፣ ሰማይ ሰማዩን ያያል። "ጋሼ፣ ፀሐይዋ ዓይንዎን ወግታው ነው እንጂ ኳሷ አልነካችኝም። ለራሴ ብዬ አይደለም፤ ለክለቡ ነው!" እኔ ዳኛው ሳይናገር በራሴ የምወጣ ሰው ነኝ። የሚጨበጨበው ግን ለእሱ ነው።

ጸሐፊነቱን ሁለታችንም ፈለግነው። በአንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈኝ፤ ያቺም የእኔ ነበረች። ሰው እያየኝ ለራሴ እጄን ማውጣት አፈርኩ። እሱ ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። በማግስቱ ማኅተም አስቀረጸ። ከዚያ ወዲህ ለሻይ ዕረፍት የሚመጣው ዓሣ ያለበት ዳቦ እንኳ ማኅተም ሳይመታለት አይበላም ነበር።

አሠልጣኝ ሲሆን ደግሞ ባሰበት። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በጃንጥላው እያመለከተ ይጮኻል፦ "አንተ! ኳስ ነው የምትመታው ወይስ ዝንብ ነው የምታባርረው?" ባለቤቴ ካሩናዋቲ አጥር ተደግፋ ትስቅለት ነበር። በእኔ ቀልድ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

አምና አረፈች። ቀብሯ ከዋንጫው ጨዋታ ጋር አንድ ቀን ዋለ። ክለባችን ያን ዋንጫ ካየ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሊያሸንፉ ጥቂት ነጥብ ሲቀራቸው ሬሳው ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ደረሰ። ሄማፓላ ጨዋታውን አቋርጦ ቡድኑን በሙሉ ይዞ መጣ። በእኛ አገር የሐዘን ልብስ ነጭ፣ የጨዋታም ነጭ፤ ማንም ልብስ አልቀየረም። ጉልበታቸው ላይ አፈርና ሣር እንደተለጠፈ ሳጥኑን ተሸከሙ።

"ዋንጫውስ?" አልኩት።

"ዝም በልና ትከሻህን አስገባ" አለኝ።

ከወር በኋላ ኮሚቴው ጠራኝ። ሊቀመንበሩ "ዋንጫ ያስበላን ሰው አይቀጥልም" አሉ። "ጋሽ ጂናዳሳ፣ ሥልጠናውን እርስዎ ይያዙልን።"

ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነገር ፊቴ ቀረበ። እሺ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

"እሱን አስቀጥሉት" አልኩ።

"ለምን?"

"እሱ ከወጣ በማን ልቅና?"